ታኅሣሥ መጨረሻ ግቢ የሚለቅ ውሻ፦ ለማን ይሰጥ፣ እንዴት ይሰጥ? (ጎንደር)

የማራኪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማራኪ ያለ አንድ ወንድ ውሻ ቤት እየተፈለገለት ነው። ባለቤቱ ሥራው ተቀይሮ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ውሻውን ትቼዋለሁ ብሎ በጽሑፍ ፈርሞ ሰጥቷል። አከራዮቹ ደግሞ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይቆይ፣ ከዚያ ወዲያ አናውቅም» ብለዋል። ዛሬ ታኅሣሥ 3 ነው።

ዕድሜው 4 ዓመት ገደማ፣ ሐበሻ ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ፣ 22 ኪሎ (ሰው አቅፎት ሚዛን ላይ ወጥቶ የሰውየው ኪሎ ተቀንሶ)። አልተኮላሸም። የክትባት ካርድ የለውም፤ «ቡችላ ሳለ ተወግቷል» የሚል ወሬ ብቻ ነው ያለው። ቀን በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሰው ነክሶ አያውቅም ተብሏል፤ ግን ሲበላ ከተጠጉት ያጉረመርማል፣ ዶሮ ካየ ደግሞ አያድርስ ነው። ጆሮው ሥር መዥገር አለ። ከወገቡ እስከ ጭራው ሥር ፀጉሩ ሳስቶ ቆዳው ቀልቷል።

ሁለት ፈላጊ መጥቶለታል። አንዱ አዘዞ መጋዘን ያለው ሰው ነው፣ ለጥበቃ ይፈልገዋል። ሌላው አራዳ አካባቢ ያለ ቤተሰብ ነው፤ የ3 እና የ6 ዓመት ልጆች አሏቸው፣ ከጥምቀት በፊት እንውሰደው ይላሉ። ለማን ይሻላል? ከመሰጠቱ በፊትስ ምን ይቅደም?


መርፌና ክር፦

ክትባቱ ይቅደም፤ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይዘግይ። ካርድ የሌለው ውሻ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነገ ቢወጋ፣ መከላከያው ደረሰ የሚባለው ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ ነው፤ 28 ቢሞላ ይመረጣል። ታኅሣሥ 4 የተወጋ ጥር 2 ላይ 28 ይሞላዋል። በዓመቱ ይደገማል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ካርዱ ላይ የክትባቱ ስም፣ የጠርሙሱ ባች ቁጥርና ቀኑ መጻፉን ሳያዩ አይውጡ። ሌላ ቦታ ከሄዱ ጠርሙሱ ከየት እንደሚወጣ ይመልከቱ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው፤ ከመደርደሪያ ተነሥቶ ከተወጋ ውሃ እንደመውጋት ነው።

ለቀድሞው ባለቤት ደውለው አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ባለፉት 6 ወራት ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሷል ወይ? በሽታው በውሻ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም እስከ 6 ወር ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። አስቀድሞ የገባበትን ክትባቱ አያስቆመውም። ያልተኮላሸና ማታ የሚፈታ ውሻ ላይ «አልተናከሰም» የሚለውን መልስ በግማሽ ልብ ነው የምሰማው። ስለዚህ በነዚህ ሳምንታት ድምፁ ከጎረነነ፣ መንጋጋው ከወደቀ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ ወይም ለመዋጥ ከተቸገረ ማንም እንዳይነካው፤ ዘግተውበት ሐኪም ይጥሩ።

ቆዳው፦ ከወገብ እስከ ጭራ ሥር የሳሳው አብዛኛውን ጊዜ የቁንጫ ሥራ ነው። እከክ ቢሆን ከጆሮ ጫፍና ከክርን ይጀምር ነበር። ለማረጋገጥ ነጭ ወረቀት አርጥበው ከሥሩ ያንጥፉና ፀጉሩን ያበጥሩት። የሚረግፈው ጥቁር ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ቀልቶ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የተፈጨ ደም ማለት ነው። የሚተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ ያጥቡ ወይም ያቃጥሉት፤ አለዚያ በሳምንቱ ተመልሶ ያው ነው። መዥገሩን ቆዳው ድረስ ገብቶ በወረንጦ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው እንጂ ላምባ መቀባት ወይም በክብሪት መለብለብ አያስፈልግም።

አደራ፣ በግ የሚታጠብበትን ዲያዚኖን እንዳያፈሱበት። በግምት ተበጥብጦ በቆሰለ ቆዳ ላይ ሲፈስ ቶሎ ይሰርጋል። ለሃጭ፣ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ ካዩ መርዙ ገብቷል፤ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥበው ወዲያው ወደ ሐኪም፣ ማርከሻው አትሮፒን ነው። አይቨርሜክቲንም (የተባይና የትል መድኃኒት) ላይ ጥንቃቄ። የከብቱ 1 በመቶ መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይዟል። ለ22 ኪሎ ውሻ በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ሲሰላ 0.44 ሚሊ ሊትር ነው፤ በከብት ሲሪንጅ ያን ያህሏን በዓይን መለካት አይቻልም። ጀርመን ሼፐርድ ያለባቸው አንዳንድ ውሾች ደግሞ መድኃኒቱ አንጎላቸው ድረስ ያልፍባቸዋል። ስለዚህ ዝርያውን ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይወጋ።

ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ ለእሱ 110 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለሌሎቹ የሆድ ትሎች የሚሰጠው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። የሰው አልቤንዳዞል አይሰጠው፤ ውሻ ላይ መቅኔውን ሊጎዳ ይችላል። ከሉካንዳ የሚመጣ ሳንባና ጉበት ሁሉ 40 ደቂቃ ይቀቀል። ውሃ የቋጠረ ሳንባ በጥሬው የበላ ውሻ ትሉን ያፈራል፣ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፣ ግቢ ውስጥ አፈር የሚነካ ልጅ ይውጠዋል፣ ከዓመታት በኋላ የልጁ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ይሆናል። የ3 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ሳይታከም አይግባ።

ማኮላሸቱ ጥሩ ነው፤ ከግቢ ማምለጡንና ከውሻ መጣላቱን ይቀንሳል፣ ጥበቃውን አይቀንስም። ከተደረገ ግን ስፌቱ እስኪድን ከ10 እስከ 14 ቀን ቦታ አይቀይር።


ሰንሰለት ፍቱ፦

ከላይ ስለ ጤናው የተባለው በቂ ነው። እኔ ስለ ማጉረምረሙ ልበል፤ ውሳኔውን የሚለየው እሱ ነው።

ሲበላ የሚያጉረመርም ውሻ ክፉ ውሻ አይደለም። ሳህኑ ስንት ጊዜ እንደተነጠቀበት የሚያስታውስ ውሻ ነው። የሚያጠፋው ሰው «ልክ ላግባው» ብሎ የሚመታው ነው። ዱላው ማጉረምረሙን ያስቆማል፣ ፍርሃቱን ግን አያስቆምም፤ ከዚያ ወዲያ ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ይሆናል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ብቻውን፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይብላ። በ3 ሜትር ርቀት አልፋችሁ ስትሄዱ ከሳህኑ የሚበልጥ ነገር (የተቀቀለ ሥጋ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል) ወደ ሳህኑ ወርውራችሁ እለፉ፤ አትቁሙ። በቀን ሁለቴ። ሰውነቱ ሳይገተር፣ አበላሉን ሳያፋጥን፣ ቀና ብሎ «ምን አመጣችሁ» ብሎ ማየት ሲጀምር ግማሽ ሜትር ቅረቡ። ከተገተረ ወደ ኋላ ተመለሱ። 2 ሳምንት ላይ ለውጥ ይታያል፤ አለቀ ማለት ግን አይደለም፣ ለአዲስ ሰው ደግሞ ከሀ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ የ3 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት፣ በእኔ አስተያየት፣ አይሆንም። ልጁ ዳቦ ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው። ቤተሰቡ ደግ ስለሆነ የሚቀየር ነገር የለም።

ቀለቡ ላይም አንድ ነገር። አሁን የነቢያት ጾም ነው፣ ትራፊው ሁሉ እንጀራ በሽሮ ነው። ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ የውሻ ደም ይጎዳል፣ በርበሬውና ጨው ደግሞ በየቀኑ ሲሆን አይበጅም። የተራበ ውሻ ደግሞ ሳህኑን አብዝቶ ይጠብቃል። ለ22 ኪሎ ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ የበሰለ ምግብ በቀን፣ ለሁለት ተከፍሎ፤ ግማሹ የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጨጓራ፣ ግማሹ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ። ገና ዕለት የዶሮ አጥንት የሚወረውርለትን ሰው ከወዲሁ አስጠንቅቁ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

የመጋዘኑ ሰውዬ ግን አልተዋጠልኝም። «ዘበኛ ውሻ» ሲባል ዕድሜ ልኩን በአንድ ሜትር ሰንሰለት ማለት ነው።


የአዘዞው፦

መጋዘን ሲባል ሁሉንም አንድ ላይ መፈረጅ አይገባም። ልጅ የሌለበት፣ ግንብና የብረት በር ያለው፣ ሌሊት ሙሉ አብሮት የሚያድር ዘበኛ ያለው ግቢ ለዚህ ዓይነት ውሻ ከብዙ ቤት ይሻላል። ጥያቄው ሰውየው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። እኅት ዓለም፣ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። ሰውየው ሳይሆን ዘበኛው ነው የሚያበላው፤ ዘበኛውን አናግሪው። እሁድስ ማን ያበላዋል? ውሃው የት ነው? ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ተሳቦ ይወጣል። ሌሊት ከወጣ ደግሞ ጅብ አለ።

ቀን መታሰሩ ግድ ከሆነ ሰንሰለቱን ምሰሶ ላይ አታስሩ። 10 ሜትር ጠንካራ ሽቦ በሁለት ምሰሶ መካከል ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጠር፣ ቀለበት ይግባበት፣ ማሰሪያው ከቀለበቱ ይንጠልጠል። ውሻው ርዝመቱን ሁሉ ይመላለሳል። ሁለት ነገር አትርሱ፦ ከየምሰሶው 1.5 ሜትር ቀድሞ ሽቦው ላይ ማቆሚያ ይደረግ፣ አለዚያ ምሰሶውን ዞሮ ዞሮ ራሱን ይተበትባል። ማሰሪያው ደግሞ አጥሩ ድረስ እንዳይደርስ፤ አጥር ዘሎ በወዲያኛው በኩል ተንጠልጥሎ የሚሞት ውሻ ጥቂት አይደለም። ለአንገቱ ሰፊ ቀበቶ፣ በሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ። ሰንሰለት በባዶ አንገት ላይ አይሁን።


የማራኪዋ፦

አመሰግናለሁ። መጋዘኑን ሄጄ አያለሁ፤ ሽቦውን እሠራለሁ ብሏል። የአራዳዎቹን እንዴት እምቢ እንደምል ነው የቸገረኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ አንደኛ፣ በዚህ መሃል ሰው ቢነክስስ? አከራዮቹ «ያኔውኑ ይገደላል» ይላሉ። ሁለተኛ፣ የምሰጥበት ቀንና ወረቀቱ።


መርፌና ክር፦

ቢነክስ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሰዓት እየታየ ሙሉ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌውን ግን ሳይጀምር አይሁን፤ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መዳኛ የለውም። ውሻውን አይግደሉት። ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ 10ኛው ቀን ላይ በልቶ ጠጥቶ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት በለሃጩ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ተገድሎ ከተቀበረ ይህ መልስ አብሮ ይቀበራል። ይህን ለአከራዮቹ አሁኑኑ ይንገሯቸው፤ ነገሩ ከተፈጠረ በኋላ የሚሰማ አይኖርም።


ሰንሰለት ፍቱ፦

የአዘዞው ስለ ሽቦው ያለው ትክክል ነው፤ ከተሠራ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።

ቀኑ፦ ወይ ጥር 2፣ ወይ ከጥር 15 ወዲያ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ከተማው በሆታና በከበሮ ይናወጣል፣ የየቤቱ በር እንግዳ ሲያስገባ ይውላል። 3 ወይም 4 ቀን ብቻ የቆየ ውሻ በዚያ ግርግር ከጠፋ አይገኝም። አከራዮቹን ሁለት ሳምንት ጨምሩ በሏቸው፤ ቀለቡን ራሳችሁ ካመጣችሁ ብዙ ሰው እሺ ይላል። እምቢ ካሉ ሁለቷን ቀን ብቻ ታገሡን በሏቸው፤ ጥር 2 ይሂድና ከጥር 10 እስከ 12 መስኮት ባለው ክፍል ተዘግቶበት ይዋል።

ለአራዳዎቹ እውነቱን ጻፊላቸው። ሌላ ፈላጊ ብታስፈልግሽም ማስታወቂያው እንዲህ ይሁን፦ «ወንድ፣ 4 ዓመት፣ 22 ኪሎ፣ ታኅሣሥ 4 የተከተበ፣ ካርድ ያለው። ሌሊት ይጠብቃል፣ የሚያውቀውን ሰው ይታዘዛል። ሲበላ መጠጋት አይወድም። ዶሮ ያሳድዳል። ትንንሽ ልጅና ዶሮ ለሌለበት፣ አጥር ላለው ግቢ። በነጻ፣ ቤቱ ከታየ በኋላ።» ነውሩን የደበቀ ማስታወቂያ ውሻውን በሳምንቱ ይመልሰዋል። በነጻ ሲባል የሚሸጥበትም ይመጣልና ቤት ሳታዪ አትስጪ።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የሁለቱ ስም፣ የውሻው መልክ፣ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፣ ማጉረምረሙና ዶሮው በግልጽ፣ የሚቀጥለው ክትባት ቀን፣ ካልተስማማው ለሌላ ሳይተላለፍ እንደሚመለስ፣ ሁለት ምስክር። ሰዓቱን የምለው በምክንያት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፣ ሳያስበው ቢያመልጠውም እንኳ። ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ የማን እንደሆነ ይታወቅ።

ባጃጅ ላይ ከመጫኑ 6 ሰዓት ቀድሞ ይብላ፣ በመንገድ ባዶ ሆድ ይሁን። አፉን በፋሻ ካሰራችሁ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፤ ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ያልታጠበ አሮጌ ጨርቅ (ቁንጫው ካለቀ በኋላ የተኛበትን) ይዞ ይሂድ። አዲሱ ግቢ ውስጥም ቢሆን የመጀመሪያውን 2 ሳምንት ማታ አይፈታ። ካመለጠ ብዙውን ጊዜ የሚያቀናው ወደ ማራኪ ነው፣ የድሮው በር ላይ ተኝቶ ይገኛል። ስልክሽንና የአዲሱን ሰው ስልክ ለአከራዮቹ ጽፈሽ ተዪላቸው፣ በድንጋይ እንዳያባርሩት።