ፓሲቭ ነው አድጀክቲቭ? ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ ቶሎ በሉልኝ

ዓባይ ማዶ፦ ሰዎች ድረሱልኝ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ዎርክሺቱ ላይ 7 ቁጥርን ፓሲቭ ብዬ ሞላሁት መልሱ ግን አድጀክቲቭ ይላል፣ ቨርብ ቱ ቢ እና ቨርብ ስሪ ካለ ፓሲቭ ነው አልተባለም እንዴ?? መብራት የለም ስልኬም ሊዘጋ ነው

የጣና ልጅ፦ ሃሃሃ 7 ቁጥር ምን እንደሚል በምን እናውቃለን፣ ዓረፍተ ነገሩን ጻፈዋ

ዓባይ ማዶ፦ ውይ። «ዘ ሙዚየም ዋዝ ክሎዝድ ዌን ዊ አራይቭድ»

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ሰዋስው የሚጠናው በፈተና ዋዜማ አልነበረም። ፓስት ፓርቲሲፕል፣ እናንተ ቨርብ ስሪ የምትሉት፣ ከግስ ይወለዳል እንጂ ሁልጊዜ የግስ ሥራ አይሠራም። ድርጊት ሲናገር ፓሲቭ ነው፣ ሁኔታን ሲገልጽ ቅጽል፣ ማለትም አድጀክቲቭ ነው። መሠረቱን ሳትይዙ ቀመር ትሸመድዳላችሁ፣ ከዚያ ፈተናው ከበደ ትላላችሁ።

ሽምብጥ፦ «ባይ» ካለ ፓሲቭ፣ ከሌለ አድጀክቲቭ። አለቀ

የጣና ልጅ፦ የት አለቀ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ 2016 ግንቦት ላይ ተመረቀ አይደል፣ «ዘ ብሪጅ ዋዝ ኦፕንድ ኢን 2024» ስትል ባይ የለውም ግን ድርጊት ነው፣ ፓሲቭ

አስጎብኚው፦ ይሄ ድልድይ እንዲያውም ይጠቅምሃል። ክሎዝድ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው የሚያምታታው፣ ኦፕን ላይ ግን ይለያያል። ክሎዝድን አውጣና ተቃራኒውን አስገባ፣ ኦፕን ከገባልህ ቅጽል ነው፣ ኦፕንድ ካስፈለገህ ፓሲቭ። ያንተ ስትደርሱ «ዋዝ ኦፕን» ነው የሚሆነው ስለዚህ ቅጽል። «ዘ ሙዚየም ዋዝ ክሎዝድ ባይ ዘ ጋርድ አት ፋይቭ» ቢል ግን ኦፕንድ ነው። ለሌሎቹ ቃላት ደግሞ ዋዝን አንስተህ ሲምድ ወይም ሪሜይንድ አድርግበት፣ ከሄደልህ ቅጽል

ሽምብጥ፦ ባይ ካለ ፓሲቭ ብያለሁ እኮ

ቡና በጀበና፦ ቬሪ ጨምርበት፣ «ቬሪ ታየርድ» ይባላል ስለዚህ አድጀክቲቭ

አስጎብኚው፦ ለታየርድ ልክ ነው፣ «ዘ ቼር ኢዝ ብሮክን» ላይ ግን ቬሪ አይመችም፣ ቅጽልነቱ ግን አይቀርም። ቬሪ ከገባ ቅጽል ነው፣ ስላልገባ ግን ፓሲቭ ነው እንዳትል

ቀበሌ ልጅ፦ ቆይ ግን መልሱ ልክ ነው ያለው ማነው? ልክ እነሱ ሲደርሱ ዘበኛው ዘጋባቸው ማለትም ይሆናል እኮ፣ ጥያቄው ራሱ ችግር አለበት

ጡረተኛው መምህር፦ ይህኛው ልጅ እውነት አለው፣ ሁለቱንም ይሸከማል። ፈተና ላይ ግን ድርጊት ፈጻሚም የተዘጋበት ሰዓትም ካልተነገረህ ሁኔታውን ያዝ።

ቡና በጀበና፦ ጋሼ እርስዎ ካሉ አይቀር፣ «ባሕር ዳር ኢዝ ሎኬትድ ኦን ሌክ ታና»ስ?

ጡረተኛው መምህር፦ ከተማዋን ማን ተሸክሞ ሐይቁ ዳር አስቀመጣት? ቅጽል በለው።

ሽምብጥ፦ ባይ የለውማ