«ተስማምተናል» ብቻ የሚሉ እጮኛሞችን እንዴት እናማክር?

ጠያቂ፦ ከባለቤቴ ጋር ሆነን በቤተ ክርስቲያናችን ለጋብቻ የተዘጋጁ ጥንዶችን እናማክራለን። አሁን የያዝናቸው ሁለት ወጣቶች ሠርጋቸው ጥር ላይ ነው። ስለ ገንዘብም ስለ ልጅም ስንጠይቃቸው መልሳቸው «ተስማምተናል» ነው። ለየብቻ ስናናግራቸው ግን እርሷ በዓመቱ የራሳቸውን ቤት እንደሚገዙ፣ እርሱ ደግሞ ልጅ ሲወለድ ሥራዋን እንደምትተው እርግጠኞች ናቸው። የነገሩንን ምስጢር ሳናወጣ እንዴት እናነጋግራቸው?

የቀድሞ አማካሪ፦ «ከትዳር ምን ትጠብቃላችሁ?» አትበሏቸው፤ ለእርሱ ሁሉም የተዘጋጀ መልስ አለው። ለየብቻ ወረቀት ስጧቸውና ከሠርጉ ሦስት ዓመት በኋላ የምትመጣን አንዲት ተራ ማክሰኞ፣ ከንጋት እስከ መኝታ፣ ይጻፉ። ከዚያ ይለዋወጡ። እኛ ዘንድ አንዱ እጮኛ «ቁርስ ይቀርባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቡና ይፈላል» ብሎ ጻፈ። ልጅቱ አነበበችና «በማን?» አለችው። የዚያን ዕለት እኛ አፋችንን መክፈት አላስፈለገንም።

የሁለት ልጆች እናት፦ የወር መጨረሻውንም ጨምሩበት። ባለቤቴ ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ እንደሚልክ ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ፣ ስልኩ ላይ ከመጣ የባንክ መልእክት ነው። መላኩ አልከፋኝም፤ አለመንገሩ ነው የቆረቆረኝ። ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ዕቁብ፣ ለቤተሰብ የሚላከው፣ የሠርጉ ብድር፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ይስፈር። የቤት መግዛቱ ሐሳብ እዚያው ይለካል።

የሕግ ባለሙያ፦ «የእኔ ደመወዝ የእኔ» ብለው የሚገቡም አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረት የተገኘን ገቢ የጋራ ያደርገዋል። ከጋብቻ በፊት የነበረው የግል ሆኖ ይቀጥላል። ስለ ንብረታቸው በጋብቻ ውል መወሰን ይችላሉ፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በባልም በሚስትም በኩል ሁለት ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ያንንም ተመልከቱ።

አባወራ፦ እኔ እንኳ ሁሉን ከሠርግ በፊት መጨረስ አይሆንላችሁም ባይ ነኝ። የአዳራሽ ቀብድና የሚዜ ልብስ የሚያስጨንቀው ሰው ምክር አይሰማም። አንድ ሁለት ቀጠሮ ለሚያዝያ አቆዩ። የሥራዋ ነገር ግን አይቆይ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ ማክሰኞዋን ሞከርናት። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ምሽት እርሱ «ከሥራ ስገባ ልጃችን በር ላይ ይቀበለኛል» ብሏል። እርሷ ለዚያው ሰዓት «ከቢሮ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ» ብላለች። ወረቀቱን ደጋግማ አየችውና «ታዲያ ልጁን በሩ ድረስ ማን አመጣው?» አለች። ቅዳሜ ይህንኑ ይዘው ይመለሳሉ፤ እስከዚያ እናቶቻቸውን እንዳያማክሩ ለምነናቸዋል።