መንገዱን ዘግቼ ያቆምኩት ምልክት ተነቀለ፤ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ምን ልበል?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሕዝብ በሆነ ጥብቅ መሬት ላይ ኢንተርን ነኝ። የስድስት ወር ነው፣ ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። የሥራዬ ግማሹ መስክ ነው፣ ግማሹ ከአካባቢው ሰው ጋር መነጋገር። መስኩን እወደዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆሜ ያንኑ ዳገት ፎቶ አነሳለሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፈፍ መሬት ላይ አስቀምጬ በውስጡ የበቀለውን ችግኝ እቆጥራለሁ። ፓርቲኒየም የሚባለውን መጤ አረም እነቅላለሁ። ማታ ወገቤን ቢቆርጠኝም ደስ ብሎኝ ነው የምተኛው።

ችግሬ አንዲት አቋራጭ ናት። ቁልቁለቱን ቀጥ ብላ የምትወርድ ቀጭን የእግር መንገድ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እሷን ይዞ ይወርዳል። ሥራ ስጀምር ጥልቀቷ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር፤ አሁን ጉልበቴ ጋ ልትደርስ ነው። አለቃዬ "ዝጊያት" አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሜ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ጎትቼ ዘጋኋት። "መሬቱ እያገገመ ነው፣ እባክዎ በዋናው መንገድ ይሂዱ" የሚል ምልክት በእጄ ጽፌ አቆምኩ።

በሳምንቱ ስመለስ ተነቅሏል። አልተሰበረም። ሣሩ ላይ በጀርባው ተጋድሟል፣ ጽሑፉ ወደ ሰማይ። ድንጋዮቹም ዳር ዳሩን ተደርድረዋል። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ከነዋሪዎቹ ጋር ስብሰባ አለኝ። ስለ አፈር መሸርሸር 24 ስላይድ አዘጋጅቻለሁ። ግን ምልክቱን የነቀለው ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እየታየኝ ድምፄ የሚወጣ አይመስለኝም። ነገሩን ላንሳው ወይስ ልተወው?

የድሮ ጠባቂ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። በጥበቃ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ። የተናደደ ሰው ምልክት ይሰብራል፣ ያቃጥላል። ድንጋይ ዳር ላይ የሚደረድር ሰው ግን ማለፍ ፈልጎ ነው። ከቅዳሜ በፊት ማልደሽ አቋራጯ ጫፍ ላይ ተቀመጪ። ወረቀት አትያዢ። ማን ያልፋል? ምን ይዞ? ወዴት? ሰላም ብለሽ ጠይቂ።

ስለ መንገዷም ልንገርሽ። የተረገጠ አፈር ይጠጥራል፣ ውሃ አይመጥም። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ደግሞ ውሃው የሚወጣበት በር ያጣል። ያኔ ነው ቦረቦር የሚጀምረው። የእግር መንገድ የሚቀይሱ ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው፦ የመንገዱ ቁልቁለት ከዳገቱ ቁልቁለት ግማሽ አይብለጥ። ዳገቱ 20 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ10 አይለፍ። እንዲህ ሲሆን ውሃው መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል። ስለዚህ በየት ይዙር ብለሽ ብትጠይቂ ይሻልሻል። አዲሱ ሳይከፈት አሮጌውን መዝጋት ከንቱ ድካም ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ ብዙ ጊዜ ደክሜበታለሁ።

ስላይዱን ተዪው። ከአንድ ቦታ ካነሳሻቸው ፎቶዎች ሦስቱን አሳዪ። ሰው የሚያውቀውን ዳገት ሲያይ ራሱ ይናገራል።

ቀጥተኛው፦

እኔ አልስማማም። ቦረቦር ስብሰባ አይጠብቅም፣ አንድ ከባድ ዝናብ ይበቃዋል። ዛሬ ምልክት ተነቅሎ ዝም ከተባለ ነገ አጥሩ ይነቀላል። ማንንም ሳትወነጅዪ በግልጽ አንሺው።

የወል መሬት ተማሪ፦

ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በዚሁ ጉዳይ ላይ ሠርታ ነው። የጋራ ግጦሽን፣ ደንንና የመስኖ ውሃን ለረጅም ዘመን ጠብቀው ያቆዩ ሰዎችን አጠናች። ቅጣት እነሱም ዘንድ አለ፤ በቀላል ይጀምራል፣ ሲደጋገም ይከብዳል። ደንቡን ሲያወጡ ግን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ድምፅ አላቸው። ያንቺ ምልክት ላይ የእነሱ ድምፅ አልነበረም። ይቅርታ፣ ልጎዳሽ ብዬ አይደለም።

ስብሰባውን በፓርቲኒየም ብትጀምሪውስ? ከብት ያለው ሰው ያውቀዋል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል። አንዱ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩ በጭቃ፣ በጎማ፣ በጎርፍ ይጓዛል፤ የሕዝብ መሬት የግል መሬት ብሎ አይለይም። እዚህ ላይ ሁላችሁም አንድ ወገን ናችሁ። አንቺም ስትነቅዪ ጓንት አድርጊ፣ ቆዳ ያስቆጣል። ሳያብብ ነው መነቀል ያለበት።

ጀማሪዋ፦

ዛሬ ንጋት ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰው አለፈ። ስድስቱ ተማሪዎች ናቸው። ከኋላቸው አንድ አዛውንት መጡ፣ ቀፎዎቻቸውን ሊያዩ። ስለ ምልክቱ ሳልጠይቃቸው "እኔ ነኝ ያነሳሁት" አሉኝ። አንዷ ልጅ ቅርንጫፉን ስትዘል ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ነበር። "ጽሑፍሽ እንዳይቆሽሽ ወደ ላይ አድርጌ አስተኛሁት" አሉ። ምን እንደምል ጠፋኝ።

ድሮ መንገዱ በትልቁ ቋጥኝ በኩል ይዞር እንደነበረም አሳዩኝ። አብረን ሄደን ለካነው። ዳገቱ 30 በመቶ ነው፣ በቋጥኙ በኩል የሚዞረው 12። ከግማሹ በታች!

ቀጥተኛው፣ ስለ ምልክቱ ቅዳሜ አነሳለሁ፤ እሳቸውም ሊናገሩ ፈቃደኛ ናቸው። ስላይዱ ወደ ሦስት ፎቶ ወርዷል። ከስብሰባው በኋላ መንገዱን በካስማ ልንለይ ተቀጣጥረናል። እኔ መለኪያውን ይዤ እመጣለሁ፣ እሳቸው ቀይ ክር።