ሃልዲጋቲ ወይስ ዴዌር፦ የሜዋር ድል የትኛው ነው?

የመነሻ ሐሳብ፦
በሕንድ ራጃስታን ግዛት፣ በሃልዲጋቲ አጠገብ ባለው በራክት ታላይ ሜዳ፣ የራጅፑቶች (የሂንዱ ተዋጊ ጎሣዎች) መንግሥት የሆነችው የሜዋር ንጉሥ፣ የማሃራና ፕራታፕ ሠራዊት ማፈግፈጉን የሚናገሩ ሰሌዳዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በቅሬታ ምክንያት ተነሥተዋል። ሰሜን ሕንድን ይገዙ ከነበሩት ሙስሊም ነገሥታት ከሙጋሎች ጋር በ1576 እዚያ የተደረገውን ውጊያ የፕራታፕ ድል ነው ለማስባል የሚደረገው ግፊት ከዚያ በፊትም በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ታይቷል። በእኔ እምነት ይህ ሁሉ አላስፈላጊ ነው። ከሙጋሎች ወገን ተሰልፎ ውጊያውን በዓይኑ ያየው ታሪክ ጸሐፊ ባዳዑኒ እንደጻፈው፣ ፕራታፕ ቆስሎ ወደ ተራራው ሸሽቷል። የሜዋርን ድል የሚሻ ሰው ስድስት ዓመት ታግሦ ወደ 1582ቱ የዴዌር ውጊያ ቢመጣ ያገኘዋል።

ተቃውሞ፦
ከሜዳ መውጣትና መሸነፍ ለየቅል ናቸው። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የአክባር ጦር የዘመተው ፕራታፕን ለመማረክ ወይም ለማስገበር ሲሆን ሁለቱም አልተሳኩለትም። እርስዎ ምስክር ያደረጉት ያው ባዳዑኒ፣ ከውጊያው በኋላ የሜዋር ከተማ ጎጉንዳ የገባው የሙጋል ሠራዊት ድንገተኛ ጥቃት ፈርቶ ፈረስ የማይዘለው አጥር በዙሪያው እንዳጠረ፣ እህልም ስላጣ በሥጋና በማንጎ ብቻ እየኖረ እንደታመመ ይነግረናል። አክባርም በጦር አዛዡ በማን ሲንግ ተቆጥቶ ለጊዜው ከፊቱ አርቆታል። ድል አድርጎ የተመለሰ አዛዥ እንዲህ ያለ አቀባበል ይጠብቀዋልን?

ሌላ አስተያየት፦
የሃይማኖት ጦርነት ነበር የሚለውን ወሬ ሁለታችሁም ስላላነሣችሁት ተመስገን። የሙጋሎቹ አዛዥ ማን ሲንግ ራሱ ራጅፑት ነበር፤ ከፕራታፕ ጎን ደግሞ አፍጋናዊው ሙስሊም ሐኪም ኻን ሱር ተዋግቷል። ባዳዑኒ ወዳጅ ራጅፑትን ከጠላት ራጅፑት መለየት ቢቸግረው ሌላውን የሙጋል አዛዥ አሳፍ ኻንን ጠየቀ፤ አሳፍ ኻንም ከየትኛውም ወገን ቢሞቱ ለእስልምና ጥቅም ነውና ዝም ብለህ ቀስትህን ወርውር አለው። ብዙዎች መልሱን ይጠቅሳሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ጥያቄው ነው።
ወደ ዴዌር ስመለስ፣ በ1582 ፕራታፕ በአራቫሊ ተራሮች ያለውን ያን የሙጋል ጦር ሰፈር መምታቱን አልክድም። ልጁ አማር ሲንግ የጠላትን አዛዥ ከነፈረሱ በጦር ወጋው የሚለው የአገሬው ትውፊት ነው። ነገር ግን አክባር በ1585 ወደ ላሆር ሄዶ፣ ዓይኑን በሰሜን ምዕራብ ድንበር ላይ ተክሎ እስከ 1598 ቆይቷል። ታዲያ ሜዋርን ነጻ ያወጣት የፕራታፕ ሰይፍ ነው ወይስ የንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ሥራ መያዝ?

የመነሻው አቅራቢ ምላሽ፦
የዘመን ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉልኝ፤ ዴዌር የተመታው አክባር ወደ ላሆር ከመሄዱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። ያም ሆኖ ነጥብዎን በከፊል እቀበላለሁ። ፕራታፕ ኩምባልጋርንና ጎጉንዳን ቢያስመልስም፣ በ1568 በአክባር የተወሰደችውን የሜዋር ዋና ከተማና ምሽግ ቺቶርን ሳያገኝ በ1597 ቻቫንድ ላይ ሞቷል። ቺቶር የተመለሰችው አማር ሲንግ በ1615 ከአክባር ልጅና ወራሽ ከጃሃንጊር ጋር ሲታረቅ ነው፤ ምሽጓን እንዳያድስ ቃል አስገብተውታል፤ እሱም በአካል ቤተ መንግሥት ላለመቅረብ ፈቃድ አግኝቶ በምትኩ ልጁን ልኳል።

ተቃውሞውን ያቀረቡት፦
እንግዲያውስ ሰሌዳው ሲመለስ ይህ ሁሉ ይጻፍበት፤ አጥሩም ማንጎውም ሳይቀር።