የቫኒላና የቼሪ ትምባሆ ጣዕሙ አንድ ሆነብኝ፤ ምላሴንም ይለበልበኛል

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ አንድ ፒፓና አራት ዓይነት ትምባሆ ይዞልኝ መጣ። ሦስቱ የፒፓ ናቸው፤ ቫኒላ፣ ቼሪና ውስኪ። አራተኛው በወረቀት የሚጠቀለል ነው፤ ማጣፈጫ የለውም። ከረጢቱ ሲከፈት ሽታቸው ልብ ይሰርቃል። ሲለኮሱ ግን ሁሉም ያው ጭስ ነው። ምላሴንም ይለበልበኛል። አጎቴ በደወለ ቁጥር «የቱ ተስማማህ?» ይለኛል፤ የምመልስለት የለኝም። ለይቼ ለመቅመስ ምን ላድርግ? እናቴ ቤት ውስጥ ስለማትወድ የማጨሰው ግቢ ነው። የዚህን አገር ብርድና ነፋስ ታውቁታላችሁ።

መልስ (ከደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ ከከረጢቱ የሚሸትህ ሁሉ ጭሱ ውስጥ አይገኝም። ማጣፈጫው ቅጠሉ ላይ የተጨመረ ነው፤ እሳት ሲያገኘው አብዛኛው ይተናል። ጠረኑ ይበልጥ የሚደርሰው አጠገብህ ለተቀመጠው ሰው ነው። አንተ ጋ የሚቀረው የቅጠሉ ጣዕምና ትንሽ ጣፋጭነት ነው። ስለዚህ ቼሪው ፍሬውን እንደበላህ ሆኖ እንዲሰማህ አትጠብቅ።

የምላሱ ነገር ከእርጥበትና ከጥድፊያ የሚመጣ ነው። ጣዕም ያለው የፒፓ ትምባሆ ስኳር አለው። ብዙውን ጊዜም እንዳይደርቅ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይጨመርበታል። እርጥቡን ስትለኩሰው እንፋሎት ይወጣዋል፤ ምላስህን የሚለበልበው እሱ ነው። እየጠፋ ሲያስቸግርህ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ትስባለህ፤ ያኔ ይብስበታል። ለአንድ ጊዜ የሚበቃህን ወረቀት ላይ በትነህ ግማሽ ሰዓት ያህል ተወው። ከዚያ በሁለት ጣትህ ጨመቅ አድርገው። ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው። ቀስ ብሎ ከተፈታ ደርሷል። ከተፈረፈረ አልፎበታል። ውጭ ግን አታስጣው፤ ደብረ ብርሃን በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሳታስበው ያልፍብሃል። ስታጨስም ነፋሱን በግድግዳ ተከለል። ነፋስ ፒፓውን እንደ ወናፍ ያራግበዋል፤ በጋለ ፒፓ ደግሞ ጣዕም አይለይም።

መልስ (የመንዝ ሰው፣ አሁን አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምርልህ ስለ ፒፓው ነው። በአንድ ፒፓ ሦስቱንም ካፈራረቅህ ሁሉም አንድ ቢሆኑብህ አይግረምህ። እንጨቱ የፊተኛውን ጠረን ይይዛል። ቼሪ ያጨስክበት ላይ ቫኒላ ብትሞላ የምትቀምሰው ሁለቱን ነው።

በየመሃሉ አጽዳው። ስንደዶ ላይ ጥጥ ጠቅልለህ ጠንካራ የዳግም አረቄ አስነካውና የጭሱን ቀዳዳ ውስጡን ጥረግ። የደብረ ብርሃን ልጅ አረቄ አያጣም። ከዚያ በደንብ እስኪደርቅ አሳድረው፤ አረቄ እንደነካው እንዳትለኩሰው። አፍ ላይ የሚያዘውን ክፍል ደግሞ ፒፓው ትኩስ እያለ አትንቀል፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሞላሉም ቁም ነገር አለው። ታቹን ላላ፣ ላዩን ጠበቅ አድርግ። ሳብ ስታደርገው በትንሹ ከከበደህ ልክ ነው። በክብሪት ላዩን ዙሪያውን ለኩስ፤ ቅጠሉ ይነሳል። ራሱ ጠፍጣፋ በሆነ ምስማር ቀስ ብለህ ተጫነውና እንደገና ለኩስ። ጋያ ሲጨስ ጭሱ በቅሉ ውሃ ውስጥ አልፎ ይመጣል። ፒፓ ውሃ የለውም፤ የሚያበርደው አሳሳብህ ብቻ ነው። ፒፓው እጅህን ካቃጠለህ አስቀምጠው። ቢጠፋም ግድ የለም፣ መልሰህ ትለኩሰዋለህ።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

የሚጠቀለለውን ከፒፓው ጋር አታወዳድረው። አቆራረጡ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይነዳል። ፒፓ ውስጥ ብትሞላው በጣም ይግላል። እሱን ለብቻው ቅመሰው። ወረቀቱ ስስና ሽታ የሌለው ይሁን፤ ወፍራም ወረቀት የራሱን ጣዕም ያመጣል። እኛ ጋ በሙቀቱ፣ እናንተ ጋ በደረቁ አየር ቶሎ ይደርቃል። አንዳንዱ እንዲርስ ብሎ የብርቱካን ልጣጭ ይከትበታል። አንተ ግን ጣዕም ልትለይ ነውና ይቅርብህ፤ የብርቱካን ይሆንብሃል። ሲቆይም ይሻግታል።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ከየትኛው ልጀምር? በአንድ ቀን ሁሉንም ብሞክርስ?

መልስ (የመንዝ ሰው)

በአንድ ቀን አንድ ብቻ። ለስለስ ካለው ጀምር፤ ቫኒላው ይቅደም፣ ከዚያ ቼሪው፣ ውስኪው መጨረሻ። ቡና ወይም በርበሬ የበዛበት ወጥ እንደቀመስክ አታጨስ። አፍህን በውሃ ተጉመጥመጥ። መጀመሪያ ደረቁን አሽት፤ ከዚያ ጭሱን አፍህ ውስጥ ያዝ አድርገህ ልቀቀው፣ ወደ ሳንባህ አታስገባው። አጋማሹ ላይ ስትደርስ ልብ በል። ማጣፈጫው ያኔ ይሳሳና ቅጠሉ ራሱ ይወጣል። ቨርጂኒያ የሚባለው የቅጠል ዓይነት ከሆነ እንደ ድርቆሽ ያለ ጣፋጭነት አለው። በርሊ የሚባለው ቅጠል ደግሞ ጣፋጭነቱ ትንሽ ነው፤ ወደ ኦቾሎኒ ያደላል። ካቬንዲሽ የሚባለው በእንፋሎትና በመጫን የተዘጋጀ ትምባሆ ነው፤ ለስላሳ ነው። የቱ ቅጠል እንደሆነ ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ አንብበው። ለአጎትህ የምትነግረው ይኼንን ነው፤ እሱ ሽታውን ያውቀዋል።

መልስ (የጤና ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ ምላስህን ችላ አትበለው። መለብለቡ እስኪተውህ ምንም አታጭስ። ጭሱ ሳንባ ባይገባም ኒኮቲኑ በአፍህ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር በፒፓም ይመጣል፤ ቫኒላ መሽተቱ ጉዳቱን አይቀንሰውም። ካዞረህ ወይም ካቅለሸለሸህ ወዲያው አቁም። ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት አፍህ ውስጥ ካየህ ሳትውል ሳታድር ታየው። እናትህም ውጭ ማስወጣታቸው ትክክል ነው። ለመቅመስ ብለህ ጀምረህ ሱስ እንዳይሆንብህ ከልቤ እለምንሃለሁ።

ጠያቂው

ተቀብያለሁ። የምላሴ ቁስል እስኪድን አቆማለሁ። ካለቀብኝ ግን እዚህ ይገኛል?

መልስ (ከደብረ ሲና)

በሕግ የለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ አገር ውስጥ እንዳይመረትም እንዳይገባም እንዳይሸጥም ከልክሏል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰውም ማንኛውም ትምባሆ አይሸጥም። ተደብቆ የሚሸጥ ቢያጋጥምህ አትግዛ፣ ምን እንደተጨመረበት አታውቅም። እስኪሻልህ ሦስቱን በየራሳቸው ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ክተታቸውና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጣቸው። አንድ ላይ ከሆኑ ሽታቸው ይጋባል። ዕቃው በርበሬ ወይም ኮረሪማ የነበረበት እንዳይሆን።