የቆዳ ሶፋዬ ላይ ዶሮ ወጥ ፈሰሰ፣ በምን ላጽዳው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። ክሬም ቀለም ሶፋ ነው፣ እውነተኛ ቆዳ። ልጄ ማታ ወጥ ደፋችበት። ጎረቤቴ በረኪና ትለኛለች፤ እኔ ፈራሁ።

ሶፋ አጣቢው፦
እንኳን ፈራሽ! በረኪና ቀለሙን ይበላዋል። ሥራዬ ስለሆነ ልንገርሽ። መጀመሪያ ከኋላ፣ በማይታይ ቦታ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊ። ቶሎ ሰርጎ ካጠቆረው ቆዳው መከላከያ ሽፋን የለውም፤ አትንኪው፣ ባለሙያ ጥሪ። ካልሰረገ ቀጥዪ። ወጡን በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን እያልሽ አንሺው እንጂ አትፈትጊ። ዘይቱ ላይ የበቆሎ ስታርች ነስንሺና ይደር። ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ አራግፊው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ የሕፃን ሻምፑ በጥብጪና በአረፋው ብቻ አብሺው። ጨርቁ በደንብ ይጨመቅ። ፀሐይ ላይ አታውጪው፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። አልኮልም ይቅርብሽ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ የደንበኛ ሶፋ በአልኮል ወለወልኩና ቀለሙ ጨርቄ ላይ ቀረ። ከኪሴ ከፈልኩ!

ቀበጧ፦
የእኔ ሶፋ እየተላጠ ነው። የቆዳ ቅባት ይመልሰዋል?

ሶፋ አጣቢው፦
እንደ ወረቀት ከተላጠ አርቴፊሻል ሳይሆን አይቀርም እህቴ። ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ልብሱን አስቀይሪው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ውሃው አልሰረገም! ስታርቹን ነሰነስኩ። ልጄ ደግሞ ጣቷን እየነከረች ትልሳለች።