ለፖለቲካ ግድያ የሚያጨበጭብ ሰው፦ ጠባዩ ነው ወይስ ቡድኑ?

አወያይ፦ ከግሩፓችን አባላት አንዷ፣ ነርሷ፣ «የፖለቲካ ግድያን የሚደግፍ ሰው ከመጀመሪያውም ጠባዩ ነው» ብላ ጻፈች። መምህር ደግሞ «ሰውን እንዲህ የሚያደርገው ቡድኑ ነው» ብለው መለሱላት። ሁለቱም ሩዋንዳን፣ በ1994 የሁቱ አክራሪዎች ቱትሲዎችን የጨፈጨፉባትን አገር፣ ስለጠቀሱ እዚያው ላይ እንከራከር። ከተባለ በቀር ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ስድብ የለም።

ነርሷ፦ የምሠራው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ቶሎ ቱግ የሚል፣ የሰው ሕመም የማይሰማው፣ የበላይ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አለ። በፖለቲካም ያው ነው። በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለሰዎች የፖለቲከኛ ንግግር አቀረበላቸው። ለአንዳንዶቹ ተራ ቃል፣ ለሌሎቹ «እንፋለማለን» ዓይነት የጦርነት ቃል። የጥቃት ድጋፍ የጨመረው በተለይ በዕለት ኑሯቸው ጠበኛ በሆኑት ዘንድ ነው። ቃሉ አንድ፣ ሰሚው ግን ለየቅል። ሩዋንዳ ላይም በአንድ ተመራማሪ ግምት በ1994 በግድያው የተሳተፉት ከ175,000 እስከ 210,000 ናቸው። ከአዋቂ ሁቱ ወንዶች አምስተኛውን እንኳ አይሞሉም። ቱትሲዎችን ግደሉ እያለ የሚቀሰቅሰውን የጥላቻ ሬዲዮ ስንቱ ሰምቷል! ታዲያ ሌላው ለምን ገጀራ አላነሳም?

መምህር፦ እህቴ፣ ቡታሬን ተመልከቺ። ኪጋሊ ላይ ግድያው ኤፕሪል 7 ጀመረ። ደቡብ ያለችው ቡታሬ ግን በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ከግድያው ርቃ ቆየች። አስተዳዳሪዋ ዣን ባቲስት ሃቢያሊማና ቱትሲ ነበር፤ ሕዝቡን እያረጋጋ ያዘው። አነሱት፤ በኋላም ገደሉት። ኤፕሪል 19 ጊዜያዊው ፕሬዚዳንት ሲንዲኩብዋቦ መጣ። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው። በአዲሱ አስተዳዳሪ ሹመት ላይ ቆሞ «አያገባኝም» የሚሉትን ወቀሰ። ወታደርም ተከተለ። ከዚያ በኋላ የሆነው እልቂት ከየትም የማይተናነስ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ጠባይ በአንድ ሳምንት ተለወጠ? የተለወጠው ምን እንደሚያስመሰግን፣ ምን እንደሚያስጠረጥር ነው።

ነርሷ፦ ቡታሬ ሁሉ አልጠበቀም፣ መምህር። ንያኪዙ በምትባለው ወረዳዋ ግድያው ከፕሬዚዳንቱ ንግግር በፊት ነው የተጀመረው።

መምህር፦ እውነት ነው። ግን ማን ጀመረው? የወረዳው ሹም ራሱ። ሰሜን ያለችው ጊቲ ደግሞ ሹሟ ሁቱ ሆኖ አይሆንም አለ፤ ወረዳዋም ከእልቂቱ ተረፈች።

ነርሷ፦ ጊቲ እኮ ብዙ ሳትቆይ መንግሥቱን በሚዋጋው አማፂ ጦር እጅ ገብታለች። ይሄም ይቆጠር። ደግሞ ራስዎ ነው ያመጡልኝ፤ ሁለት ሹም፣ አንድ ዓይነት ሥልጣን። አንዱ አስገደለ፣ አንዱ አዳነ። ጠባይ ካልሆነ ምን ለያቸው?

መምህር፦ ስለ ሹሞቹ እስማማለሁ። እኔ የምለው ከሥራቸው ስላለው ሰው ነው። 210 ታሳሪ ገዳዮችን ያነጋገረ ተመራማሪ አለ። አብዛኞቹ ተራ ገበሬና አባወራ ናቸው። ከቆየ ጥላቻ ይልቅ ደጋግመው ያነሱት የጦርነቱን ፍርሃትና የራሳቸውን ወገን ግፊት ነው።

ነርሷ፦ እስረኛ «ተገድጄ ነው» ሳይል ምን ይበል?

ጋሼ፦ ልጄ፣ ይሄን ለእኔ ተዪልኝ። በ1969 እና 70፣ በእኛው አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ነበርኩ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም!» ሲባል ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ይወጣል። ያላነሳ ይታያል። አንድ ጎረቤት ነበረን፤ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው። ከሁላችን ቀድሞ እጁን የሚያነሳው እሱ ነበር። ልጁ ተጠርጥሮበት ነበራ! እኛም ከኋላ ተቀምጠን «እሱ እንኳ ካመነበት» እያልን እናነሳለን። በማግስቱ መንገድ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ እናያለን። ስንቱ ከልቡ ደግፎ ነበር? እስካሁን አላውቅም። በጊዜው ግን ሁሉም የደገፈ መስሎን ነበር።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ጎረቤት እጁን አነሳ እንጂ አልተኮሰም። ጠመንጃ ይዞ ሌሊት የሚዞረው ሌላ ነው። እኔ የምፈራው እሱን ነው።

ጋሼ፦ እሱ ሌሊት የሚዞረው እኮ ቀን እጃችንን ስላየ ነው።

ከሚኒሶታ፦ የጋሼን ነገር የሚያጠናክር ልጨምር። ከእልቂቱ ዓመታት በኋላ ሩዋንዳ ውስጥ የሬዲዮ ድራማ ተሠራ፤ ተጣልተው ስለሚታረቁ ሁለት መንደሮች። ተመራማሪዎች አንዳንድ ሰፈሮችን እሱን፣ ሌሎቹን የጤና ድራማ አንድ ዓመት ያህል አሰሟቸው። የሰዎቹ የግል እምነት ብዙም አልተነቃነቀም። «ሰፈራችን ምን ይቀበላል» የሚለው ግን ተለወጠ። መጨረሻ ላይ ለየቡድኑ ቴፕና ካሴት ተሰጠ። የጤናውን የሰሙት ሹማቸው ይያዘው አሉ። የእርቁን የሰሙት ተከራከሩበት፤ የጋራችን ነው፣ እኛው እንያዘው አሉ። እዚህ አሜሪካም በ2022 የወጣ ጥናት ሁለቱም ፓርቲዎች የሌላውን የጥቃት ድጋፍ በብዙ እጥፍ አጋንነው እንደሚገምቱ አሳይቷል። እውነተኛው ቁጥር ሲነገራቸው የራሳቸውም ድጋፍ ቀነሰ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጠባይ ማረም የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። «ሁሉም ደግፏል» የሚለውን ግን አንድ ሰው በግልጽ «እኔ የለሁበትም» ብሎ ሊሰብረው ይችላል።

አወያይ፦ ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ሰሞኑን አንድ ልጅ ስለ አንድ ባለሥልጣን «መድፋት ነው!» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አየው፣ ማንም አልመለሰለትም። ምን ላድርግ?

ነርሷ፦ አጥፋው፣ ልጁንም አስወጣው። ቱግ ባይ ሦስትና አራት ሰው እሱን እያነበበ ነው።

መምህር፦ ዝም ብለህ ካጠፋኸው ያየው ሁሉ «ሌላው ተስማምቷል» ብሎ ይቀራል። መጀመሪያ መልስ ይጻፍለት፣ ሁሉም እያየ።

ጋሼ፦ መልሱን የሚጽፈውም የእሱ ወገን ይሁን። እኔ ብጽፍ «ይሄ ድሮም ከነሱ ጋር ነው» ይለኛል።

ነርሷ፦ የኔ አገር ልጅ ነው። እኔ እጽፍለታለሁ። ግን ሰው ተጠርቶ «ይደፋ» የተባለበት ነገር እዚህ እንዲያድር አልስማማም። መልሴን ካነበባችሁ በኋላ አወያይ ያንሳው።